ያውቁ ኖሯል? የሆሎዌይ ቤተሰባችን በባህልና በዘመን መካከል

ሰሜን ለንደን ውስጥ፣ በኢዝሊንግተን ካውንስል ሥር፣ ሆሎዌይ የሚባል ሰፈር አለ። ዋናው መንገዱ ሆሎዌይ ሮድ ከለንደን ተነስቶ ኤድንብራ የሚደርሰው የኤ1 አውራ ጎዳና አካል ነው። በዙሪያው ከካሌዶኒያን ሮድ እስከ ሆርንዚ ሮድ ክትፎና ጥብስ የሚያቀርቡ የአገራችን ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። እዚህ የሚኖር ቤተሰብ ሁለት ሕግ፣ ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት ዓይነት ይሉኝታ አቻችሎ ያድራል። ብዙዎቻችን ባህሉ ከአገር ቤት የመጣ፣ ዘመናዊነቱ ደግሞ እዚህ ያገኘነው ይመስለናል። ከታች ያሉት እውነታዎች ግን አንዳንዴ የቀደምነው እኛ፣ አንዳንዴም እነሱ እንደሆኑ ያሳያሉ። ይህን ያወቀ ቤተሰብ የቱን እንደሚይዝና የቱን እንደሚተው በራሱ ይወስናል። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስር ቤቱና የኢትዮጵያ ወዳጅ

◆ ሆሎዌይ በመላው ብሪታንያ የታወቀው በእስር ቤቱ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? በ1852 ተከፈተ፣ ከ1903 ጀምሮ የሴቶች ብቻ ሆነ፣ በ2016 ተዘጋ። ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉት እንግሊዛውያን የታሰሩት እዚያ ነበር።

◆ ከታሳሪዎቹ አንዷ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበሩ። ከእስር ለተፈቱ ታጋዮች የሚሰጠውን "የሆሎዌይ ጌጥ" የተባለ የደረት ፒን የነደፉትም እሳቸው ናቸው። በኋላ የኢትዮጵያ ታላቅ ባለውለታ የሆኑት እኚሁ ሴት ናቸው።

◆ ሲልቪያ በ1927 ወንድ ልጅ ሲወልዱ ከልጁ አባት ከጣሊያናዊው ሲልቪዮ ኮሪዮ ጋር በሕግ አልተጋቡም ነበር። ለመጋባትም ለልጁ የአባቱን ስም ለመስጠትም ፈቃደኛ አልሆኑም። ለሴቶች መብት በመታገል ስማቸው የገነነው እናታቸው ኤምሊን ፓንክረስት እንኳ ይህን መቀበል አቅቷቸው ከልጃቸው ጋር እስከ ዕለተ ሞታቸው ተኳርፈው ቀሩ። "ሰው ምን ይለናል" የሚለው ጭንቀት በ1927ቱ ለንደንም ቤተሰብ ይለያይ ነበር።

◆ ያ ልጅ ማን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መሥራች ዳይሬክተር የነበሩት የታሪክ ሊቁ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው።

◆ ሲልቪያ በ1936 "ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ" የተባለውን ጋዜጣ መሥርተው የፋሺስት ወረራን ሲያጋልጡ ኖሩ፤ ጋዜጣው ሃያ ዓመት ታተመ። በ1956 ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፣ በ1960 እዚያው አረፉ። ያልተጋባች እናት ተብለው በገዛ ቤተሰባቸው የተገፉት ሴት መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ከአርበኞች ጎን በክብር ተቀብረዋል።

◆ የሲልቪያ የልጅ ልጅ ዶክተር አሉላ ፓንክረስት በኢትዮጵያ ማኅበራዊ ሕይወት ላይ ሲመራመሩ ካጠኗቸው ነገሮች አንዱ እድር ነው። እድር ከጥንት ከአያት ቅድመ አያት የወረስነው ይመስለናል። አጥኚዎች የሚነግሩን ግን ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተስፋፋው በሃያኛው ክፍለ ዘመን፣ ከየገጠሩ ወደ አዲስ አበባ የፈለሰው ሰው ዘመድ በሌለበት ከተማ የሚቀብረው ወገን ሲሻ መሆኑን ነው። ስለዚህ ለንደን ላይ እድር የሚያቋቁሙ ሰዎች አያቶቻቸው በከተማ ስደት ያደረጉትን እየደገሙ ነው።

ስም

◆ ኢትዮጵያዊት ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። በእንግሊዝ አገር የባልን ስም መውሰድ ለዘመናት የተለመደ ነገር ነው። በዚህ ነገር የእኛ አያቶች ራሳቸውን ችለው ነው የኖሩት።

◆ በእንግሊዝና በዌልስ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ላይ እስከ ግንቦት 2021 ድረስ የሚሰፍረው የሙሽሮቹ አባቶች ስም ብቻ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? እናቶች ወረቀቱ ላይ ቦታ ያገኙት ከዚያ ወዲህ ነው። እናት ከሆኑ በልጅዎ ሠርግ ስምዎ እንዲጻፍ ማድረግዎን አይርሱ።

◆ እስከ 1990 ድረስ የብሪታንያ ግብር ሕግ የሚስትን ገቢ እንደ ባሏ ገቢ ይቆጥር ነበር። ባልና ሚስት ለየብቻ ግብር ከፋይ የሆኑት በዚያው ዓመት ነው።

◆ በአንድ የሆሎዌይ ቤት አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ "የቤተሰብ ስም" ይዘው መገኘታቸው ለእኛ ምንም አይደለም። በአውሮፕላን ማረፊያ ግን እናት ልጇን ይዛ ስትመለስ የድንበር ሠራተኛው "ምንሽ ነው?" ብሎ ሊጠይቃት ይችላል። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር መያዝ ብዙ እንግልት ያስቀራል።

ጋብቻ

◆ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት በማድረግ ኢትዮጵያ እንግሊዝን እንደቀደመች ያውቁ ኖሯል? የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) በ2000 ሲወጣ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ደነገገ። በእንግሊዝና በዌልስ በወላጅ ፈቃድ በ16 ዓመት መጋባት የቀረው በየካቲት 2023 ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ዛሬም በ16 ይጋባሉ።

◆ ሕግ ማውጣትና ኑሮን መለወጥ ግን አንድ አይደለም። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ በ17 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በፊት አግብተው ነበር። ለወንዶች የግማሹ መለያ ዕድሜ ወደ 24 ይጠጋል።

◆ በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት በሕጋዊ ትእዛዙ ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ስለዚህ "የአገራችን ባህል" ብለን የምንሟገትለት የባል አለቃነት በሕግ የተጻፈው በአንድ ፓሪስ የተማረ ሰው እጅ ጭምር ነው። የ2000ው ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስት ቤታቸውን እኩል እንዲያስተዳድሩ አደረገ።

◆ በኢትዮጵያ የሃይማኖት ጋብቻና በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ራሳቸውን ችለው በሕግ ፊት ይጸናሉ። በእንግሊዝ ግን በቁርባን ወይም በኒካህ ብቻ የተጋቡ ጥንዶች፣ ቦታው ለጋብቻ ካልተመዘገበና ሕጉ የሚጠይቀው ሥርዓት ካልተሟላ፣ በሕግ ዓይን አልተጋቡም። ይህ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ በመለያየት ወይም በሞት ጊዜ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ወይም የመስጊዱን ሥነ ሥርዓት ከመፈጸምዎ በፊት የመዝገብ ቤቱን ይጨርሱ።

◆ በመዝገብ ቤት ለመጋባት ሁለቱም በአካል ቀርበው ማስታወቂያ መስጠት፣ ከዚያም ቢያንስ 28 ሙሉ ቀን መጠበቅ አለባቸው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ካለ እስከ 70 ቀን ይደርሳል። አዳራሽ ተከራይተው፣ ድግስ ጥለው፣ ሚዜ መርጠው ወረቀቱን በመጨረሻው ሳምንት የሚያስታውሱ ሙሽሮች ይህን ቁጥር አስቀድመው ይወቁት።

◆ "ብዙ ዓመት አብረን ስለኖርን ሚስቱ ነኝ" የሚለው እምነት በእንግሊዝ ሕግ ምንም መሠረት እንደሌለው ያውቁ ኖሯል? ሳይጋቡ አብረው ሃያ ዓመት የኖሩ ጥንዶች ሲለያዩ የትዳር ንብረት ክፍፍል የለም። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ግን እንደ ባልና ሚስት ሦስት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራቸው ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወደ ሆሎዌይ የመጣች ሴት በዚህ ረገድ መብቷ ቀንሷል ማለት ነው።

◆ የአክስትና የአጎት ልጆች በእንግሊዝ በሕግ መጋባት ይችላሉ። የእኛ አማራ ሽማግሌ ግን ሰባት ቤት ሳይቆጥር "እሺ" አይልም። እንዲህ ያለውን የቅርብ ዘመዶች ጋብቻ የሚከለክል ሕግ ከ2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለባት አዘርባጃን፣ ሕግ አውጪዎቹ ያነሱት ምክንያት የሚወለዱ ልጆች ጤና ነው። ሰባት ቤት የሚቆጥሩት አባቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ ደርሰውበታል። ችግሩ ለንደን ተወልደው ያደጉ ልጆች አያታቸውን አልፈው የሚቆጥሩት ስም ማነሱ ነው። የዘር ሐረጉን አሁኑኑ በወረቀት ያስፍሩላቸው።

◆ ጠለፋን ያበረታታ የነበረ ሕግ እንደነበረን ያውቁ ኖሯል? በ1957 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። የ2004ቱ የወንጀል ሕግ ይህን አንቀጽ ሰርዟል። ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ የቀረበች ልጅን ታሪክ መነሻ ያደረገው "ድፍረት" የተባለው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም በ2014 ሰንዳንስ ላይ ታይቶ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ለልጅቷ የተከራከሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመው ነበር።

◆ የእንግሊዝ የበላይ ዳኞች ባል ሚስቱን አስገድዶ መድፈር ወንጀል መሆኑን ያረጋገጡት በ1991 ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ግን አስገድዶ መድፈርን የሚተረጉመው ከጋብቻ ውጪ ላለው ብቻ ነው። ይህ ገና ያልተጨረሰ የቤት ሥራችን ነው።

◆ በትዳር ጥገኛ ቪዛ ይዞ እዚህ የገባ ሰው በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት ትዳሩ ቢፈርስ ቪዛው አብሮት ላይፈርስ ይችላል፤ በራሱ ስም ቋሚ መኖሪያ የሚጠይቅበት መንገድ አለ። "ከተውኩት ይመልሱኛል" ብላ የምትታገሥ እህት ካለች ይህን ይንገሯት።

◆ በኢትዮጵያ ፍቺ እስከ 2000 ድረስ በቤተሰብ ሽማግሌዎች ዳኝነት ይወሰን ነበር። የተሻሻለው ሕግ ሽማግሌዎቹን አስታራቂ አድርጎ ፍቺ የማጽደቅ ሥልጣንን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። እንግሊዝም በሚያዝያ 2022 ባልና ሚስት ጥፋተኛ ሳይፈላለጉ እንዲለያዩ ፈቀደች፤ ሂደቱ ቢያንስ 26 ሳምንት ይወስዳል። የጊዜው ዓላማ መለስ ብሎ ማሰቢያ ነውና ሽማግሌ ለማስገባት ይበቃል።

◆ ሽምግልናስ ራሱ? ዛሬ ሽማግሌ የሚላከው በስልክም ጭምር ነው። ቅዳሜ ምሽት ሆሎዌይ ባለ አንድ ሳሎን አንድ ጋሼ ሸሚዛቸውን ቆልፈው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ስልካቸውን በቡና ስኒዎች ደገፍ አድርገው ይቀመጣሉ። በአንደኛው መስኮት የልጅቷ አባት ከባህር ዳር፣ በሌላው አጎቷ ከዋሽንግተን ብቅ ይላሉ። "እንግዲህ የመጣንበትን ጉዳይ…" ሲሉ የባህር ዳሩ መስመር ይቆራረጣል። ጋሼ ዝም ይላሉ፤ መስመሩ ሲመለስ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፤ ለአባት ግማሽ ጥያቄ አይቀርብማ! ሁሉም ደግሞ ለመግባባት ይታገሣል። መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ክብሩ የቀድሞው ነው።

◆ ቬሎስ? ነጭ የሙሽራ ቀሚስ የተስፋፋው ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ስታገባ ነጭ ለብሳ ከታየች በኋላ ነው። የዛሬዋ የአገራችን ሙሽራ በሠርጓ ቀን ቬሎ፣ በመልሱ ካባ ትደርባለች፤ ሁለቱንም "ባህላችን" እንላቸዋለን።

◆ ከአገር ቤት የትዳር ጓደኛ ለማምጣት የሚጠየቀው ዓመታዊ ገቢ ከ2012 ጀምሮ 18,600 ፓውንድ ነበር፤ በሚያዝያ 2024 ወደ 29,000 ፓውንድ አደገ። በፅዳት፣ በእንክብካቤ ሥራና በአውቶቡስ ሾፌርነት የሚተዳደር ሰው የጥሎሹን ነገር የሚያስበው ይህን ቁጥር ከተሻገረ በኋላ ነው። ፍቅረኛሞችን ለዓመታት የሚያራርቀው ብዙውን ጊዜ ይኸው የገቢ መስፈርት ነው።

ልጅ

◆ በእንግሊዝ ልጅ በተወለደ በ42 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ወላጆቹ በሕግ ካልተጋቡ አባት በአካል ቀርቦ ስሙን ካላስመዘገበ በልደት ወረቀቱ ላይ ላይገባ ይችላል። ከታኅሣሥ 2003 ወዲህ ስሙ የተመዘገበ ያልተጋባ አባት የወላጅነት ሥልጣን ያገኛል። በቁርባን ብቻ የተጋባችሁ አባቶች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። በኢትዮጵያ ዘመናዊው የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2016 ነው።

◆ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። ምዝገባው በ42 ቀን ነውና ወንድ ልጅ የወለደ ቤተሰብ የክርስትናውንና የካውንስሉን ቀጠሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሮጥበታል።

◆ የአራስ ቤት ሥርዓት ሆሎዌይ ውስጥ ምን ይመስላል? ብዙ ፎቅ ባለው ሕንፃ ላይ እናት ወይም አክስት ከአዲስ አበባ በስድስት ወር የጉብኝት ቪዛ ትመጣለች። ገንፎው በጠባብ ወጥ ቤት ይገነፋል፣ ቂቤውና በርበሬው መሐሉ ላይ ይቀመጣል፣ ጠያቂ በሊፍት እየወጣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይላል። ሚድዋይፏ ለምርመራ ስትመጣ እሷም አንድ ማንኪያ ትቀምሳለች። ቪዛው ሲያልቅ ግን አያት ትሄዳለች፤ ቤቱም ያኔ ባዶ ይሆናል።

◆ ለእናት በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (1156/2019) የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ ለአባት ሦስት ቀን። በብሪታንያ ለእናት እስከ 52 ሳምንት፣ ለአባት ሁለት ሳምንት ይፈቀዳል። የአገራችን አባቶች ይህን ፈቃድ ሲወስዱ "ወንድ ልጅ አራስ ቤት ምን ይሠራል?" የሚለውን ማሸነፍ አለባቸው። እያሸነፉትም ነው፤ ዳይፐር የሚቀይር፣ ጋሪ የሚገፋ አበሻ አባት በሆሎዌይ ሮድ ማየት ብርቅ አይደለም።

◆ ከ12 ዓመት በታች የሆነ የልጅ ልጁን ወይም የእህቱን ልጅ የሚጠብቅ፣ ጡረታ ያልደረሰ አያት ወይም አክስት በዚያ ምክንያት የጡረታ መዋጮ ነጥብ ሊያገኝ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ሠራተኛዋ እናት ነጥቧን ታስተላልፍለታለች። አገራችን "የአያት ግዴታ" የሚለውን ሥራ መንግሥት እዚህ በቁጥር ይይዘዋል። ቅጹን ሞልተው መላክ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

◆ የልጅ አደራ ግን ሕግ አለው። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከአያት፣ ከወንድምና እህት፣ ከአጎትና አክስት ወይም ከእንጀራ ወላጅ ውጪ ካለ ሰው ጋር 28 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ካውንስሉ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የክርስትና እናትን፣ የአያት እህትን፣ ጎረቤትን ሕጉ "የቅርብ ዘመድ" አይላቸውም። ከኮትዲቩዋር መጥታ ከአያቷ እህት ጋር ትኖር የነበረችው የስምንት ዓመቷ ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ በየካቲት 2000 በቤት ውስጥ ሥቃይ ተገድላለች። ከሞቷ በኋላ የተደረገው ምርመራ የ2004ቱን የልጆች ሕግ አስወጣ። "ልጁ ማነው? ወላጆቹ የት ናቸው?" ከሚለው የሶሻል ወርከር ጥያቄ ጀርባ ይህም ታሪክ አለ።

◆ ገጣሚው ለምን ሲሳይ እንግሊዝ ውስጥ ከኢትዮጵያዊት እናት በ1967 ተወለደ። ተማሪ የነበረችው እናቱ ትምህርቷን እስክትጨርስ ለጊዜው እንዲያሳድጉላት ነበር የጠየቀችው። ባለሥልጣናቱ ግን ኖርማን የሚል ስም ሰጥተው ለአንድ ቤተሰብ አስረከቡት፤ ቤተሰቡ በ12 ዓመቱ መለሰው፣ ከዚያ በኋላ ከአንድ ማሳደጊያ ወደ ሌላ ተዘዋወረ። እናቱ ልጇን እንዲመልሱላት የጻፈችውን ደብዳቤ ያገኘው ወጣት ከሆነ በኋላ ነው፤ እናቱን በ21 ዓመቱ ጋምቢያ አገኛት። ይህን ታሪክ በ2019 በታተመው ማስታወሻው ጽፎታል። ለአገራችን ወላጆች የሚያስተላልፈው ቁም ነገር ጽኑ ነው፦ ልጅዎን ለማንም አደራ ሲሰጡ፣ የሚፈርሙበት ወረቀት በሚገባዎት ቋንቋ ካልተነበበልዎ አይፈርሙ።

◆ ስኮትላንድ በ2020፣ ዌልስ በ2022 ልጅን መምታት ሙሉ በሙሉ ከለከሉ። በእንግሊዝ "ምክንያታዊ ቅጣት" የሚል መከላከያ አሁንም አለ፤ ጉዳት ካደረሰ ግን ወንጀል ነው። "በትር ልጅ ያሳድጋል" ብለን የኖርን ሰዎች ሌላ መንገድ መማር ያለብን ፖሊስን ፈርተን ብቻ ሳይሆን ልጁ ነገ እንዲያናግረን ብለን ነው።

◆ የሴት ልጅ ግርዛት በእንግሊዝ በ2003 ሕግ እስከ 14 ዓመት ያስቀጣል፤ ለዚህ ዓላማ ልጅን ወደ ውጭ መውሰድም ወንጀል ነው። ከጥቅምት 2015 ጀምሮ መምህርና የጤና ባለሙያ አንዲት ልጅ መገረዟን ሲያውቅ ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በኢትዮጵያ በ2016 ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶ ተገርዘዋል፤ ከ15 እስከ 19 ካሉት ግን 47 በመቶ። እዚያም እናቶች እየቆረጡ ያሉት ልማዱን ነው።

◆ ሐኪም ጋ ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድ እንደማይገባ ያውቁ ኖሯል? የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፤ መመሪያውም ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዲያስተረጉሙ አይመክርም። አባት ስለ ሕመሙ በልጁ አንደበት ሲናገር ክብሩ ይጎዳል፤ ልጁም የማይገባውን ሸክም ይሸከማል። "የአማርኛ አስተርጓሚ" ብለው ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ።

◆ ገና በሚውልበት በጥር 7 ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ልጅ በሃይማኖት በዓል ምክንያት ሲቀር ትምህርት ቤቱ የሚመዘግብበት የራሱ ኮድ አለ፤ አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ። በ2024 የምዕራቡ ፋሲካ መጋቢት 31፣ የእኛ ግንቦት 5 ነበር፤ በ2025 ግን ሁለቱም ሚያዝያ 20 ላይ ተገጣጥመዋል።

◆ በትምህርት ወቅት ያለ ፈቃድ ልጅን ይዞ አገር ቤት መሄድ ለእያንዳንዱ ወላጅ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 80 ፓውንድ ሊያስቀጣ ይችላል፤ በ21 ቀን ካልተከፈለ 160 ይሆናል። ሁለት ወላጅ ከሦስት ልጅ ጋር ሲሄዱ ቅጣቱ ከቲኬቱ ጋር መደመር አለበት።

◆ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ፓስፖርት መኖሩ የተለመደ ነው። ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነትን አትፈቅድም፤ ልጅ ግን በአንዱ ወላጁ በኩል ኢትዮጵያዊ ይሆናል። በውጭ የተወለደና ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ካልመረጠ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (አዋጅ 270/2002) የያዘ ሰው ግን ቪዛና የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም።

ማዕድና ዘመድ

◆ ከመስከረም 2023 ጀምሮ በለንደን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ሁሉ ምሳ በነፃ ይበላል። የኦርቶዶክስ ቤተሰብ የጾም ቀናት በዓመት ከ180 አያንሱም። ምሳ ቤቱ የቪጋን ምግብ የሚያቀርብ ከሆነ ለጾመኛ ልጅ የሚበላ አይጠፋም፤ "ጾም" የሚለውን ለጓደኞቹ ማስረዳት ግን የልጁ ሥራ ነው። ያስተምሩት።

◆ ቡና ቆልቶ ማፍላት ሆሎዌይ ውስጥ ሥርዓት ተጨምሮበታል፦ መስኮት ይከፈታል፣ የወጥ ቤት በር ይዘጋል፣ ዕጣኑ ወደ በረንዳ ይወጣል፣ አንዱ ልጅ ደግሞ ፎጣ ይዞ ከጭስ ማስጠንቀቂያው ሥር ይቆማል። የቡናው ሦስት ዙር አልተቋረጠም።

◆ የአርሴናል ሜዳ ከ2006 ጀምሮ ሆሎዌይ ነው። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ጀምሮ አርሴናልን የደገፈ አባትና እዚሁ የተወለደ ልጁ አንድ ማሊያ ለብሰው ይወጣሉ። ቋንቋ የሚያራርቃቸው አባትና ልጅ ያለ አስተርጓሚ የሚያወሩበት ርእስ ተገኘ።

◆ የአረጀ ወላጅን ከአገር ቤት አምጥቶ መጦር ከ2012 ወዲህ እጅግ ከብዷል። ወላጁ የዕለት ተዕለት እንክብካቤ የሚያስፈልገው መሆኑና ያንንም በአገሩ ማግኘት የማይችል መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በገንዘብ መላክ የሚችል ልጅ ባለበት ቤት ይህን ማረጋገጥ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ምርቃቱ በቪዲዮ፣ ልቅሶውም አንዳንዴ በቪዲዮ ሆኗል።

◆ የቀድሞው እስር ቤት ቦታ 985 ቤቶች እንዲሠሩበት ተወስኗል፤ 60 በመቶዎቹ አቅምን ያገናዘበ ኪራይ ወይም ዋጋ ያላቸው ናቸው። ይህ የእኛም ጉዳይ ነው፦ በሁለት ክፍል ስድስት ሆኖ ለሚኖር ቤተሰብ የትውልድ ግጭት የሚባለው ነገር ግማሹ የቦታ ጥበት ነው።

የመጨረሻው

◆ በ2016 ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 4.6 ልጆች ትወልድ ነበር፤ የአዲስ አበባዋ ግን 1.8 ብቻ። ይህ የአዲስ አበባ ቁጥር ሕዝብን ለመተካት ከሚያስፈልገው 2.1 በታች ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከአገር የወጣ ወላጅ ለልጁ የሚነግራት ኢትዮጵያ ያኔ የተዋት ናት፤ እህቱ የምትኖርባት ግን ሌላ ናት። ልጅዎን "በአገራችን እንዲህ አይደረግም" ከማለትዎ በፊት አገር ቤት ይደውሉና ይጠይቁ። እዚያ የቀረ ልማድ ልጅዎን እዚህ እያስጨነቀ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ጸንቶ ያለ መልካም ነገር ደግሞ እዚህ ሳያውቁት ጥለውት ሊሆን ይችላል። ያጣሩ፤ ከዚያ ለልጅዎ ምክንያቱን ጭምር ይንገሩት። ምክንያቱ የገባው ልጅ ባህሉን ለልጁ ያስተላልፋል።